የሥራ ላይ ደኅንነት በሠራተኛውና በሥራ መሪው መካከል፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከአቃቂ ቃሊቲ እስከ ገላንና ዱከም፣ በሌላው አቅጣጫም እስከ ሰበታ ባሉት ፋብሪካዎች ስለ ሥራ ላይ ደኅንነት ሲነሣ፣ ከሕጉም ከሥራው ጠባይም ጋር የማይገጥሙ አባባሎች በተደጋጋሚ ይሰማሉ።

«አንድ ግቢ ውስጥ ስለምንውል አደጋው የጋራ ነው»

የግቢው በር አንድ ቢሆንም አደጋው ያለው በማሽኑ፣ በቦይለሩና በኬሚካሉ አጠገብ ነው። በፈትል ክፍል ሙሉ ፈረቃ የሚቆም ሠራተኛ የሚተነፍሰው የጥጥ ብናኝ ከዓመታት በኋላ ቢሲኖሲስ የተባለውን የሳንባ ሕመም ሊያስከትልበት ይችላል፤ ክፍሉን ለሩብ ሰዓት ጎብኝቶ ወደ ቢሮው የሚመለሰው ሥራ አስኪያጅ ግን ይህ ስጋት እምብዛም አይነካውም። የአደጋው መጠን በቆይታ ይወሰናል፤ የቆይታው ርዝመት ደግሞ በሥራ መደብ። እ.ኤ.አ. በ2013 በባንግላዴሽ የራና ፕላዛ ሕንፃ መሰንጠቁ ከታየ በኋላ፣ በዚያው ሕንፃ የነበረ ባንክ ሠራተኞቹን ሲያስወጣ የልብስ ስፌት ሠራተኞች ግን በማግሥቱ እንዲገቡ ታዘዙ። ሕንፃው ተደርምሶ ከ1,100 በላይ ሰዎች ሞቱ።

«የሚጎዳው ያልተጠነቀቀው ሠራተኛ ነው»

ሠራተኛ አይሳሳትም ማለት አይደለም። ሆኖም የማሽኑ መከላከያ ክዳን «ሥራ ያዘገያል» ተብሎ ሲነሣ፣ የምርት ኮታውን ማን እንዳወጣና ጥገናውን ማን እንዳዘገየ ሳይጠየቅ ጣቱን ያጣውን ሰው ብቻ መውቀስ ምርመራ ሊባል አይችልም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ በሥራ ምክንያት ለሚደርስ ጉዳት ኃላፊ ነው፤ ነጻ የሚሆነው ሠራተኛው ሆን ብሎ በራሱ ላይ ጉዳት ሲያደርስ ሲሆን፣ በግልጽ የተሰጠ የደኅንነት መመሪያን መጣስና ሰክሮ ሥራ ላይ መገኘት በዚሁ ሥር ይቆጠራሉ።

«ሄልሜትና ጓንት ከታደለ የአሠሪው ግዴታ አልቋል»

አላለቀም። የግል መከላከያ ዕቃ አደጋውን ከምንጩ ማስወገድ ሳይቻል ሲቀር የሚመጣ የመጨረሻ አማራጭ ነው። ሕጉም ስለ አደጋው ማሳወቅን፣ የደኅንነት ሠራተኛ መመደብንና ኮሚቴ ማቋቋምን ይጠይቃል።

«ሕጉ ለተጎጂ ሁሉ እኩል ይክሳል»

በጡረታ ሕግ ላልተሸፈነ ሠራተኛ፣ ለዘለቄታዊ ሙሉ የአካል ጉዳት የሚከፈለው የዓመት ደመወዙ አምስት እጥፍ ነው። ስለዚህ በወር 3,000 ብር የሚከፈለው ሰው 180,000 ብር፣ በወር 15,000 ብር የሚከፈለው ደግሞ 900,000 ብር ያገኛል፤ ጉዳቱ አንድ፣ ዋጋው ግን አምስት ጊዜ የተለያየ ማለት ነው። ስሌቱ የተቋረጠ ገቢን ለመተካት የታሰበ መሆኑ ይገባኛል፤ ነገር ግን ለአደጋ ይበልጥ የተጋለጠው አብዛኛውን ጊዜ ዝቅተኛ ተከፋዩ በመሆኑ፣ የእርሱን ጉዳት ለአሠሪው ርካሽ ማድረጉን መካድ አይቻልም። የሥራ መሪዎች ከዚህ አዋጅ ውጭ ናቸው፤ የእነርሱ ጉዳይ በሌላ ሕግ ይታያል።

«የቀን ሠራተኛ ውል ስለሌለው መብት የለውም»

በኮዬ ፈጬ አካባቢ ሕንፃ ላይ የሚሠሩ ብዙዎች የሚያምኑት ይህንን ነው። አዋጁ ግን ውሉ በጽሑፍ አለመሆኑ የሠራተኛውን መብት እንደማያስቀር ይደነግጋል፤ ቅሬታ ማቅረብም ለማሰናበት በቂ ምክንያት እንደማይሆን በግልጽ ያስቀምጣል። ፍርሃቱ መሠረት የለውም ማለቴ አይደለም፤ የጽሑፍ ውል ስለሌለው፣ መብቱን በክርክር ለማስከበር የቀን ሠራተኛው ደመወዙን ይከፍለው የነበረውን ፎርማን፣ የፈረመበትን የክፍያ ወረቀት ወይም አብረውት የዋሉትን ምስክሮች ማቅረብ ሊያስፈልገው ይችላል።