የሳር አበባ ብናኝና የአየሩ ጠባይ በጅማ

የሳር ብናኝ ከሳር አበባ ወጥቶ በነፋስ የሚጓዝ ደቃቅ ዱቄት ነው። በሳይንሱ ፖለን ይባላል። አለርጂ ያለበትን ሰው ያስነጥሰዋል፣ ዓይኑን ያሳክከዋል፣ አፍንጫውን ይዘጋዋል፤ አስም ካለበት ደግሞ ይቀሰቅስበታል። ጅማ ውስጥ ይሄ ሁሉ ብዙ ጊዜ "ብርድ መታኝ" ወይም "ሳይነስ ነው" ተብሎ ይታለፋል። ብናኙ መቼ እንደሚበዛና መቼ እንደሚቀንስ የሚወስነው ግን የአየሩ ጠባይ ነው። ጅማ ላይ ደግሞ ከሁሉ የሚቀድመው ዝናቡ ነው።

ከተማችን ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር ከፍ ብላ ትገኛለች። በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች። ዝናቡ በየካቲትና በመጋቢት ይጀምራል። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ይበረታል፣ በጥቅምት ይሳሳል። ከኅዳር እስከ ጥር ደረቅ ነው፤ ያኔም ቢሆን አልፎ አልፎ ያካፋል። አዌቱ ወንዝ ከተማዋን አቋርጦ ያልፋል፣ ቦዬ ረግረጉም አለ። ስለዚህ እዚህ ሳር ዓመቱን ሙሉ ከዓይን አይጠፋም።

በየመንገዱ ዳር የሚታየው ሰርዶ ነው። አንዱን ዘለላ ቀርቦ ማየት ጥሩ ነው። ከቀጭኑ አገዳ ጫፍ ላይ እንደ ጣት የተዘረጉ አራት ወይም አምስት ዘንጎች አሉ። ጠዋት ፀሐይ ሲነካቸው ከየዘንጉ ጥቃቅን ከረጢቶች በክር ላይ እንደተንጠለጠሉ ይወጣሉ። ብናኙ ያለው እነሱ ውስጥ ነው። አንዱ የብናኝ ቅንጣት ከጠጉር ዘለላ ውፍረት ያንሳል። በኳስ ሜዳ ጠርዝ ሲራመዱ ሱሪ ላይ የሚቀረው ቢጫ ዱቄት አንዳንዴ ከዚሁ ነው። ሰንበሌጥና ሙጃ ደግሞ ክረምቱን ሙሉ አድገው ዝናቡ ወደ ማለቂያው ሲቃረብ ያብባሉ።

በቆሎና ጤፍም የሳር ዘመዶች ናቸው። የበቆሎ ብናኝ ትልቅና ከባድ ስለሆነ አብዛኛው እዚያው ማሳው አካባቢ ይወድቃል። ጤፍ ራሱን በራሱ ስለሚያዳቅል ለአየሩ የሚለቀው ትንሽ ነው። ለቡና የሚጎዘጎዘው ቄጠማ ሳር ቢመስልም ከሌላ ወገን ነው።

ዝናብ በብናኝ ላይ ሁለት ተቃራኒ ሥራ ይሠራል። ቀድሞ የዘነበው ሳሩን ያሳድጋል። ዝናቡ ጥሩ ከነበረ አበባው ይበዛል፣ ብናኙም ይበዛል። አበባው ከወጣ በኋላ የሚዘንበው ግን አየሩን ያጥባል፣ ከረጢቶቹም እርጥብ ሆነው ሳይከፈቱ ይቆያሉ። የጅማ ሰው ይህን ነገር ከቡና ያውቀዋል። ቡናው ከደረቁ ወራት በኋላ የመጀመሪያውን ዝናብ ሲያገኝ ከሳምንት ከምናምን በኋላ ነጭ ለብሶ ይገኛል፤ መንደሩ ሁሉ ይሸታል። ሳርም እንደዚሁ ዝናቡን ጠብቆ ያብባል፤ ግን ሽታ ስለሌለው ልብ የሚለው የለም።

ብናኙ በብዛት የሚወጣው ዝናብ ቆም ብሎ ፀሐይ በሚወጣባቸው ቀናት ነው። አየሩ ሲደርቅ ከረጢቱ ይሰነጠቃል፣ ለስለስ ያለ ነፋስም ያነሳዋል። ብዙዎቹ ሳሮች ብናኛቸውን የሚለቁት ከማለዳ እስከ ረፋድ ነው። ሐምሌ ውስጥ ሰማዩ ለቀናት ሳይገለጥ ሲከርም አየሩ ንጹሕ ይሆናል። መስከረም ላይ ሦስት አራት ቀን ፀሐይ ሲከታተል ግን ነገሩ ይለወጣል።

አውሮፓ ውስጥ የሳር ብናኝ ወቅት በአብዛኛው ከግንቦት እስከ ሐምሌ ነው። እዚያ ወቅቱን የሚከፍተው ሙቀት ነው። እኛ ጋ ሙቀቱ ዓመቱን ሙሉ ብዙ ስለማይለዋወጥ ቁልፉ ያለው በዝናቡ እጅ ነው። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለውን ጊዜ አባቶቻችን ዘመነ ጽጌ፣ የአበባ ዘመን፣ ብለውታል። ሳሩም ከአበባው ጋር ነው። የበልጉ ዝናብ ሲያቋርጥ በመሃል አጫጭር የብናኝ ቀናት ሊኖሩ ይችላሉ።

አስምና አለርጂን በተመለከተ ጅማ በአፍሪካ ደረጃ ስሟ የሚነሳ ከተማ ናት። ይህ የሆነው በ1975 ዓ.ም. በተቋቋመው የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ምክንያት ነው። ኢንስቲትዩቱ ከግብርና ኮሌጁ ጋር ተዋሕዶ በ1992 ዓ.ም. ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ተማሪውን ከግቢ አውጥቶ ወደ ማኅበረሰቡ የሚልክ ተቋም በመሆኑ ቤት ለቤት መጠየቅ ለእሱ አዲስ ነገር አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1997 ከእንግሊዝ ተመራማሪዎች ጋር የታተመው ጥናት በከተማውና በዙሪያው ገጠር ከ12 ሺህ በላይ ሰዎችን አካቷል። የተገኘው ውጤት ያስገርማል። የደረት ሲር ሲር ማለትና አስም ከገጠሩ ይልቅ በከተማው በዝተው ተገኙ። በሳር ተከቦ የሚኖረው ገበሬ የተሻለ ይተነፍስ ነበር። በከተማው በቤት አቧራ ውስጥ ለሚኖሩ ጥቃቅን ነፍሳት አለርጂ መሆንና የደረት ሲርታ አብረው ታዩ፤ በገጠሩ ግን ይህ ግንኙነት አልታየም።

እ.ኤ.አ. በ2001 ደግሞ ሁክወርም የተባለው የአንጀት ትል ያለባቸው ሰዎች የደረት ሲርታ ዕድላቸው ዝቅ ያለ መሆኑ ተዘገበ። ትሉ ራሱ ይከላከላል ወይስ የገጠር ኑሮ ነው የሚለው አሁንም ያከራክራል። ትል መድኃኒት ነው ማለት ግን በፍጹም አይደለም። ቤት ውስጥ ነጭ ጋዝ ማንደድም ከአለርጂ ጋር ተያይዞ ተገኝቷል። እንግዲህ ሳሩ ብቻውን ጥፋተኛ እንዳልሆነ ያሳዩን የገዛ ከተማችን ጥናቶች ናቸው።

ነጎድጓድ ለብቻው መታየት አለበት። ብናኝ ውሃ ሲጠጣ ያብጥና ይፈነዳል። ከውስጡ የሚወጡት ቅንጣቶች እጅግ ደቃቅ ስለሆኑ አፍንጫ አያስቀራቸውም፣ ሳንባ ድረስ ይገባሉ። እ.ኤ.አ. ኅዳር 2016 በአውስትራሊያ ሜልቦርን ከተማ ከአንድ ነጎድጓዳማ ማዕበል በኋላ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች መተንፈስ አቅቷቸው ወደ ሆስፒታል ሄዱ፤ 10 ሰዎች ሞቱ። ጅማም በአበባው ወራት ነጎድጓድ አያጣትም። አስም ያለበት ሰው በመስከረምና በጥቅምት ሰማዩ ሲያጉረመርም ቤት ገብቶ መስኮት ቢዘጋ፣ የሚነፋውን መድኃኒትም ከአጠገቡ ባያርቅ ጥሩ ነው።

ዘመነ ጽጌ ካለፈ ከሳምንት በኋላ ኅዳር 12 ይመጣል፤ ኅዳር ሲታጠን በየደጁ ቆሻሻ ይቃጠላል። የማለዳው ብርድ፣ የመንገዱ አቧራ፣ ጭሱና የመጨረሻዎቹ ሳሮች ብናኝ በአንድ ሳምንት ይገጣጠማሉ። በዚያን ሰሞን የሚያስነጥስ ሰው ሐኪም ቤት ሲሄድ ምልክቱ የጀመረው ከጭሱ በፊት ይሁን በኋላ፣ ዝናብ በጣለበት ቀን ይሁን ፀሐይ በወጣበት፣ ጽፎ ቢይዝ ለሐኪሙ ብዙ ይጠቅመዋል።