ኳስ እንደ መጠለያ፦ እግር ኳስና ችግረኛ ልጆች በወሎ

እግር ኳስን ችግረኛ ልጆችን መርጃ ማድረግ ዛሬ በብዙ አገር የታወቀ የበጎ አድራጎት ዘርፍ ነው። መነሻው ቀላል ነው፤ ልጅ ለምክር ቢጠሩት ይሸሻል፣ ለኳስ ግን ሳይጠሩት ይመጣል። ከመጣ በኋላ ትምህርቱም፣ ሕክምናውም፣ ምክሩም መንገድ ያገኛሉ።

ከቀደምቶቹ አንዱ እ.ኤ.አ. በ1987 በናይሮቢ የተመሠረተው የማታሬ ወጣቶች ስፖርት ማኅበር ነው። እዚያ ቡድኖች ሠፈራቸውን ሲያጸዱም የሊግ ነጥብ ያገኛሉ። ግራስሩት ሶከር የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2002 ተመሥርቶ፣ ከዚምባብዌ ጀምሮ በኳስ ጨዋታ ስለ ኤች አይ ቪ ያስተምራል። በኮሎምቢያ ሜዴሊን ከተማ ደግሞ ተጫዋቹ አንድሬስ ኤስኮባር እ.ኤ.አ. በ1994 ከተገደለ በኋላ ዳኛ የሌለው ጨዋታ ተጀመረ። ወንዶችና ሴቶች አብረው ይጫወታሉ፤ የመጀመሪያዋን ጎል ሴት ልጅ ማስቆጠር አለባት። ደንቡን ልጆቹ ከጨዋታው በፊት ይስማሙበታል፣ ሲያበቃም ተቀምጠው ይወያያሉ። አበጋሮች፣ ማለትም የአገር አስታራቂ ሽማግሌዎች፣ ባለደምን ከባለደም ሲያስታርቁ ላየ የወሎ ሰው ይህ ባዕድ አይሆንበትም።

ወሎ በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. ረሀብ ብዙ ልጆቹን ያለ ወላጅ ያስቀረ ምድር ነው። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወልድያን፣ ደሴንና ኮምቦልቻን ሲያዳርስ ደግሞ ልጆች ከቤታቸውም ከትምህርታቸውም ተፈናቀሉ። የድጋፉ አስፈላጊነት ከዚህ ይመነጫል።

በአገራችን የታዳጊዎች ቡድን በተለምዶ «ፕሮጀክት» ይባላል። አሰልጣኙ የሠፈሩን ልጆች በዕድሜ ከፍሎ ያሠለጥናል፤ ትምህርት ያቋረጠውንና ሳይበላ የመጣውን ከማንም ቀድሞ የሚያውቀው እሱ ነው። በእኔ እምነት የበጎ አድራጎት ገንዘብ መጀመሪያ መድረስ ያለበት ለዚህ ሰው ነው። ኳስ አድሎ፣ ፎቶግራፍ አንሥቶ የሚመለስ ድርጅት ልጁን አልረዳውም።

ሌላው ችግር ሜዳ ነው። ወልድያ ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ 25 ሺህ ያህል ተመልካች የሚይዝ ስታዲየም አላት፤ የሠፈር ልጅ የሚፈልገው ግን አንድ ጠፍጣፋ ቦታ ነው። ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር በተዳፋት ላይ የተሠራች ከተማ ናት። ሊስትሮው ሣጥኑን አንደኛው የጎል ቋሚ ያደርገዋል፣ ሌላኛው ድንጋይ ነው። ኳሱ በአሮጌ ካልሲ ውስጥ ጨርቅና ፌስታል ታጭቆ በሲባጎ የታሰረ ነው። አንዱ አጥብቆ ከመታው ቁልቁል ይንከባለላል፤ ተከትሎ የሚሮጠው ሁልጊዜ ትንሹ ልጅ ነው። ጎል የሳተውንም «አብሽር!» ይሉታል።

ድርጅቶች የሚሠሩት በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ነው። ቀድሞ የነበረው አዋጅ ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙትን በሕፃናት መብት ላይ እንዳይሠሩ ይከለክል ነበር።

ልጃገረዶች የሚቀሩት ኳስ ጠልተው አይደለም። ሰዓቱ ውኃ ከሚቀዱበትና እናታቸውን ከሚያግዙበት ጋር ይጋጫል፤ ስለዚህ የልምምዱን ሰዓት ከእናቶቹ ጋር ተማክሮ መወሰን ያስፈልጋል።