የእንግዳ ጀልባ ማሰሪያ ምንድን ነው?

እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ ባሉት አሮጌ የውሃ ቦዮች ዳር ብትሄዱ፣ ናሮቦት የሚባሉ ጠባብና ረጃጅም ጀልባዎች ተደርድረው ታያላችሁ። ለንደን ካምደን ገበያ የሄደ ሰው ሳያያቸው አይቀርም። አንዳንዶቹ እየከፈሉ የያዙት ቋሚ ቦታ አላቸው። ሌሎቹ መንገደኞች ናቸው። ለመንገደኞቹ የተለየው የቦዩ ዳርቻ የእንግዳ ጀልባ ማሰሪያ ይባላል። ፈቃድ ያለው ጀልባ መጥቶ ያስራል፣ ጊዜው ሲደርስ ፈትቶ ይሄዳል።

ስንት ጊዜ መቆየት እንደሚቻል ታፔላው ላይ ተጽፏል። ሰው በሚበዛበት ብዙውን ጊዜ 24 ወይም 48 ሰዓት ነው። ጭር ባለ ቦታ 7 ወይም 14 ቀን ሊሆን ይችላል። አብዛኛው በነፃ ነው፤ የሚከፈልበትና ቀድሞ የሚያዝም አለ።

ሌላ ቦታ ላይ ጀልባ የሚያስር ሰው የብረት ካስማ በመዶሻ መሬት ላይ ይቀጠቅጣል። እዚህ ግን ብዙ ጊዜ ቀለበት ወይም አጭር ምሰሶ ተተክሎ ይጠብቀዋል። አንድ ገመድ ከፊት፣ አንድ ከኋላ ይታሰራል። ገመዱ ከላላ ችግር አለ። ሌላ ጀልባ በፍጥነት ሲያልፍ ውሃውን ስቦ ይሄዳል፣ የታሰረውም አብሮ ወዲያና ወዲህ ይላል። ካስማ ከሆነ ተነቅሎ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ በታሰረ ጀልባ አጠገብ ቀስ ብሎ ማለፍ ግድ ነው።

የጊዜ ገደቡ ለምን እንዳስፈለገ ለማየት ከላንጎለን የተሻለ ቦታ አላውቅም። ዌልስ ውስጥ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ወደዚያ የሚወስደው ቦይ በፖንትከሰልቴ ድልድይ ላይ ያልፋል። ድልድዩን መሐንዲሶቹ ቶማስ ቴልፎርድና ዊልያም ጄሶፕ ሠርተውት በ1805 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ተከፈተ። ጀልባውን ከዲ ወንዝ 38 ሜትር ያህል ከፍ አድርጎ በብረት ገንዳ ውስጥ ያሳልፈዋል። በአንድ በኩል መከለያ እንኳ የለውም! ዩኔስኮ በ2009 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ታዲያ በበጋ ሁሉም ወደዚያ ይጎርፋል።

ከድልድዩ በኋላ ቦዩ እየጠበበ ይሄዳል። ላንጎለን ስትቀርቡ አንድ ጀልባ ብቻ የሚያሳልፉ ቦታዎች አሉ። አንድ ሰው ወርዶ በእግሩ ይቀድምና ከፊት የሚመጣ አለመኖሩን አይቶ ምልክት ይሰጣል። ከከተማዋ ወዲያ ደግሞ ሞተር ያለው ጀልባ አይፈቀድም፤ በፈረስ የሚጎተቱት ብቻ ናቸው የሚቀጥሉት። የመንገዱ ጫፍ ላይ ደርሶ ማሰሪያው ሁሉ ተይዞ ያገኘ ሰው ምን ያድርግ? ረጅም ጀልባ እንደ መኪና የትም አይዞርም። ለዚህ ነው 48 ሰዓትን የመሰለ አጭር ገደብ ፍትሐዊ ነው የምለው። ቦታው ለሁሉም የሚደርሰው በተራ ብቻ ነው።

ግን ሌላም ወገን አለ። ቋሚ ማሰሪያ ሳይኖራቸው ጀልባ ላይ የሚኖሩ ብዙ ሰዎች አሉ። በ1995 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) የወጣው የብሪታንያ የውሃ መንገዶች ሕግ ይህን ይፈቅድላቸዋል። ግዴታቸው በእውነት እየተጓዙ መኖር፣ አንድ ቦታ ላይም ከ14 ቀን በላይ አለመቆየት ነው። ልጅ ትምህርት ቤት የሚያደርስ፣ ሥራ የሚገባ ሰው በየጊዜው ቤቱን ይዞ መንቀሳቀሱ ቀላል አይደለም። ስለዚህ አጭሩ ገደብ በእርግጥ በሚጨናነቅበት ቦታና ወቅት ብቻ ቢሆን ጥሩ ነው። በክረምት ባዶውን የሚውል ዳርቻ ላይ ሰው ማጣደፍ ምንም አይጠቅምም።

ሕጉ ራሱም እንደ ሁኔታው ምክንያታዊ የሆነ ተጨማሪ ጊዜ ይፈቅዳል። ሞተር ቢበላሽ፣ ሰው ቢታመም ወይም ውሃው በረዶ ቢሆን፣ ቦዮቹን ለሚያስተዳድረው ካናል ኤንድ ሪቨር ትረስት ቀኑ ሳያልፍ መንገር ያስፈልጋል። ዝም ብሎ ለቆየ ግን በአንዳንድ ቦታ በየቀኑ ክፍያ ይቆጠርበታል።