የበር ቁልፍና ማጠፊያ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ጠንካራ ቁልፍ ከተገጠመ በሩ ጠንካራ ነው።»

ከሁሉም በላይ ሰውን የሚያዘናጋው ይህ እምነት ነው። በር በኃይል ሲመታ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚሸነፈው መቃኑ ነው። መቀርቀሪያው የሚገባበትን ብረት አብረውት በመጡት አጫጭር ብሎኖች ብቻ ካሰሩት፣ የያዘው የመቃኑን ስስ እንጨት ብቻ ይሆናል። እንጨቱ ሲሰነጠቅ ውዱ ቁልፍ አንዳች ሳይሆን በሩ ወለል ይላል። ወፈር ያለ ብረት መርጦ፣ 75 ሚሊሜትር ያህል በሚረዝሙ ብሎኖች መቃኑን አሳልፎ ከግድግዳው ጋር ማሰር ይሻላል፤ ግድግዳው ብሎኬት ወይም ኮንክሪት ከሆነ ብሎኑ የሚይዝበት መሰኪያ ያስፈልገዋል። የቀዳዳውን ጥልቀትም መለካት አይዘንጋ። መቀርቀሪያው እስከ መጨረሻው ካልወጣ ተገፍቶ ሊመለስ ይችላል፤ ቁልፉን ያዞረው ሰው ግን የቆለፈ ይመስለዋል።

«ከውስጥም በቁልፍ ብቻ የሚከፈት በር ይበልጥ ያስተማምናል።»

በዚህ አሳብ ፈጽሞ አልስማማም። እሳት ተነስቶ ቤቱ በጭስ ሲሞላ፣ በጨለማ ቁልፍ የሚፈልግ ሰው፣ ይልቁንም ልጅ ወይም አረጋዊ፣ በገዛ ቤቱ ታስሮ ይቀራል። ከውጭ በቁልፍ፣ ከውስጥ ግን በእጅ በሚዞር መክፈቻ የሚሠራውን ይምረጡ። ከበሩ አጠገብ ያለው መስታወት ተሰብሮ እጅ እንዳይገባ የሚሰጉ ከሆነ መስታወቱን በጠንካራ ይቀይሩት እንጂ መውጫዎን አይዝጉ።

«ቁልፍ የሚሰካበት ሲሊንደር ከበሩ ትንሽ ወጣ ቢል ምንም አይደለም።»

የወጣው ጫፍ ለፒንሳ መያዣ ይሆናል። ሲሊንደሩ ደግሞ የሚሰበረው መሐሉ ላይ፣ ከበሩ ጠርዝ ገብቶ የሚይዘው ብሎን በሚያልፍበት ቀጭን ቦታ ነው። ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት ከዚያ ብሎን መሐል ተነስተው እስከ ሁለቱም የበሩ ገጾች ለየብቻ ይለኩ፤ የእጀታውን ሽፋን ውፍረትም ይጨምሩ። ሁለቱ ልኮች እኩል ላይሆኑ ይችላሉ። ከሽፋኑ ውጭ የሚቀረው ከ3 ሚሊሜትር ባይበልጥ ይመረጣል።

«መቀርቀሪያው አልገባ ካለ ቀዳዳውን በሞረድ ማስፋት ነው።»

በሩ አዘንብሎ ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ የላይኛውን ማጠፊያ ይመልከቱ። ክብደቱ በሩን ከመቃኑ የሚጎትተው እዚያ ላይ ነው። የላሉትን ብሎኖች ማጥበቅ፣ እንጨቱ ተበልቶ ከሆነም በረጃጅም መለወጥ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ከባድ በር በሁለት ማጠፊያ ብቻ ከተሰቀለ ሦስተኛ ይጨመርለት።

«ቁልፍ ሲጠብቅ የምግብ ዘይት ጠብ ማድረግ ነው።»

ዘይቱ ለጥቂት ቀን ያለሰልሳል፤ ከዚያ አቧራ ይዞ ይረጋና ውስጡን ያጣብቃል። ደረቅ የግራፋይት (የእርሳስ ውስጥ የሚሠራበት ጥቁር ማዕድን) ዱቄት ጥቂት ነስንሶ ቁልፉን ደጋግሞ ማስገባትና ማውጣት ይሻላል። ቀድሞ ዘይት የገባበት ከሆነ ግን ዱቄቱ ከዘይቱ ጋር ስለሚቦካ መጀመሪያ ማጽዳት ያስፈልጋል።