ገጠመ ማለት ሠራ ማለት አይደለም፦ ኮምፒውተር ለመገጣጠም ዕቃ ስንመርጥ የምንሳሳትባቸው ነገሮች

ዴስክቶፕ በራስ እጅ መገጣጠም የሚያስፈራ ሥራ አይደለም። አንድ ካቻቪቴና ግማሽ ቀን ይበቃል። ከባዱ ከዚያ በፊት ያለው ነው፤ እርስ በርሱ የሚስማማ ዕቃ መርጦ መግዛት።

እኛ ጋ ደግሞ ስህተቱ በጣም ያስከፍላል። ፕሮሰሰሩ ከቦሌ ይገዛል፣ ማዘርቦርዱ ከመርካቶ፣ ግራፊክስ ካርዱ ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ በዘመድ ሻንጣ ይመጣል። «አልሠራልኝም» ብሎ መመለስ አብዛኛውን ጊዜ አይታሰብም። ስንት ወር የተጠራቀመ ብር መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ ሲቀር አይቻለሁ። ያሳዝናል። ስለዚህ ደጋግሜ የምሰማቸውን የተሳሳቱ አመለካከቶች አንድ በአንድ ላንሳ።

«ሶኬቱ አንድ ከሆነ ፕሮሰሰሩ ይሠራል»

ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ሶኬት ፕሮሰሰሩ ማዘርቦርዱ ላይ የሚቀመጥበት ቦታ ነው። ሶኬቱ የተለያየ ከሆነ ነገሩ እዚያው ያበቃል፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። ብዙዎች የማያውቁት፣ ሶኬቱ ገጥሞም ላይሠራ እንደሚችል ነው።

የኢንቴልን ኤልጂኤ 1151 ሶኬት እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ2015 ከ6ኛው ትውልድ ፕሮሰሰር ጋር ወጣ። 7ኛው ትውልድም እዚያው ላይ ሠራ። በ2017 መጨረሻ አካባቢ 8ኛው ሲመጣ የሶኬቱ ቁጥር አልተቀየረም። ፕሮሰሰሩም ቦታው ላይ ልክክ ብሎ ይቀመጣል። ግን ኢንቴል ለ8ኛውና ለ9ኛው ትውልድ ሌላ ቺፕሴት (ማዘርቦርዱ ላይ ዕቃዎቹን የሚያገናኘው ቺፕ) ያለው ማዘርቦርድ ነው ያዘጋጀው። 8ኛ ትውልድ የሆነውን አይ5-8400ን ለቀድሞዎቹ በተሠራው ኤች110 ማዘርቦርድ ላይ ብታስቀምጡት ስክሪኑ ጨለማ ሆኖ ይቀራል። ለእሱ የሚሆነው እንደ ኤች310 ወይም ቢ360 ያለው ነው። ያገለገለ ዕቃ በሚሸጥበት ሁሉ ሁለቱ ዓይነት ማዘርቦርዶች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ሻጩም ስለ ሁለቱም «1151 ነው» ቢላችሁ አልዋሸም።

የኤኤምዲ ነገር ትንሽ ይለያል። ኤኤም 4 ረጅም ዕድሜ ያለው ሶኬት ነው፤ ብዙ ትውልድ የኤኤምዲ ራይዘን ፕሮሰሰር አስተናግዷል። ችግሩ ባዮስ ላይ ነው። ባዮስ ማለት ማዘርቦርዱ ሲበራ መጀመሪያ የሚነሣው፣ ዕቃዎቹን አንድ በአንድ የሚለየው ፕሮግራም ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ቢ450 ማዘርቦርድ፣ ባዮሱ ካልታደሰ፣ በ2022 የወጣውን ራይዘን 5 5600 አያውቀውም። ሲታደስ ያውቀዋል፤ ይሠራልም። ግን ለማደስ ማሽኑ መነሣት አለበት። ለመነሣት ደግሞ የሚያውቀው አሮጌ ፕሮሰሰር ያስፈልገዋል። አንዳንድ ማዘርቦርዶች ጀርባቸው ላይ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ቁልፍ አላቸው፤ ፓወርና ፍላሽ ብቻ ተሰክቶ ያለ ፕሮሰሰር ይታደሳሉ። ይህ ከሌለው ብር ከመክፈላችሁ በፊት «ባዮሱን አድሰህ ስጠኝ» ብላችሁ ጠይቁ። ነውር የለውም።

ሁሉም የታወቁ አምራቾች በድረ ገጻቸው ላይ ለእያንዳንዱ ማዘርቦርድ የሚቀበላቸውን ፕሮሰሰሮች ይዘረዝራሉ። ከየትኛው የባዮስ ቁጥር ጀምሮ እንደሚቀበልም ይጽፋሉ። እኔ ይህን ዝርዝር ሳላይ ፕሮሰሰር አልገዛም፤ ለማንም ሰውም አላስገዛም።

«ራም ራም ነው፤ አዲሱ ደግሞ ይበልጣል»

ዲዲአር 4 እና ዲዲአር 5 የሚባሉት የራም ትውልዶች ሁለቱም 288 ፒን አላቸው። ርዝመታቸውም ያው ነው። ከታች የተቆረጠችው ጎድጓዳ ቦታ ግን አቀማመጧ ይለያያል። አልገባ ሲል መጫን ማስገቢያውን መስበር ነው። ኤኤም 4 ላይ የሚሠራው ዲዲአር 4 ብቻ ነው፤ በ2022 የመጣው ኤኤም 5 ደግሞ ዲዲአር 5 ብቻ። የኢንቴል ኤልጂኤ 1700 ጣጣ ያመጣል። ፕሮሰሰሩ ሁለቱንም ይችላል፣ ማዘርቦርዱ ግን ከሁለት አንዱን ብቻ ይዞ ነው የሚሠራው። ስማቸው በአንዲት ፊደል ወይም ቁጥር ብቻ የሚለያይ ማዘርቦርዶች አሉ።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን የሰርቨር ራም ነው። ዋጋው ረከስ ይላል፣ መጠኑ ትልቅ ነው፣ ዲዲአር 4 ተብሎ ተጽፎበታል፣ ማስገቢያው ውስጥም ቁጭ ይላል። በተራ ዴስክቶፕ ላይ ግን ማሽኑ አይነሣም። መለያው ራሙ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ላይ አለ። ከፍጥነቱ ቁጥር ቀጥሎ ካለችው ጭረት በኋላ የእንግሊዝኛው «አር» ፊደል ከመጣ ሬጅስተርድ የሚባለው የሰርቨር ራም ነው። የተራ ዴስክቶፕ ራም እዚያው ቦታ ላይ «ዩ» አለው። ስልካችሁን አውጥታችሁ ፎቶ አንሡና አጉልታችሁ አንብቡት፤ ጽሑፉ ትንንሽ ነው።

ራሙ ላይ የተጻፈው ፍጥነትም በራሱ አይመጣም። 3200 የተባለ ዲዲአር 4፣ ባዮስ ውስጥ ገብታችሁ ኤክስኤምፒን (ራሙን በተጻፈበት ፍጥነት የሚያሠራውን ምርጫ) ካላበራችሁ፣ ብዙ ጊዜ በ2133 ወይም በ2666 ነው የሚሠራው። ብዙ ሰው ለፍጥነቱ ከፍሎ ለዓመታት ሳይጠቀምበት ይቀራል። ሁለት ራም ካላችሁ ደግሞ አጠገብ ለአጠገብ አትሰኳቸው። አራት ማስገቢያ ባለው ማዘርቦርድ ላይ በአብዛኛው ትክክለኛው ቦታ ከፕሮሰሰሩ በኩል ሲቆጠር ሁለተኛውና አራተኛው ነው።

«ፓወር ሰፕላይ ዋቱ ከበዛ በቃ»

ብር ሲያጥር መጀመሪያ የሚቀነሰው ከፓወር ሰፕላይ ነው። እኔ ግን ከሌላው ሁሉ ቀንሳችሁ ከእሱ ባትቀንሱ እመርጣለሁ። ሲበላሽ ብቻውን ላይሄድ ይችላል፤ ሌላውን ይዞ ይሄዳል።

ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ዋት ተዉት። ጎኑ ላይ የተለጠፈውን ሰንጠረዥ አንብቡ። እዚያ ላይ የ12 ቮልት መስመር ስንት አምፔር እንደሚሰጥ ተጽፏል። ፕሮሰሰሩም ግራፊክስ ካርዱም በዋናነት የሚመገቡት ከዚህ መስመር ነው። አምፔሩን በ12 አባዙት። «600 ዋት» የተባለ ዕቃ በ12 ቮልት 30 አምፔር ብቻ ከሰጠ፣ 360 ዋት ነው የገዛችሁት። አርቲኤክስ 3060 ግራፊክስ ካርድ ለብቻው 170 ዋት ይወስዳል፤ አምራቹ ኤንቪዲያ ለሙሉው ማሽን 550 ዋት ይመክራል። ያ 550 እውነተኛ 550 መሆን አለበት።

80 ፕላስ የሚለው ምልክትም በትክክል አይታወቅም። የሚናገረው ከግድግዳው ከሚስበው ኃይል ምን ያህሉን ሳያባክን እንደሚያስተላልፍ ነው። ጥሩ ምልክት ነው፤ የዕቃውን ጥራት ሁሉ ግን አይመሰክርም። ስታቢላይዘርም የደካማ ፓወር ሰፕላይ መድኃኒት አይደለም። የግድግዳውን ቮልቴጅ ያስተካክላል እንጂ ከፓወር ሰፕላዩ የሚወጣውን አያጠራም።

ኬብሉ የሚነቀል ፓወር ሰፕላይ ያላችሁ ደግሞ አደራ። የሌላ ፓወር ሰፕላይ ኬብል አትዋሱ። በፓወር ሰፕላዩ በኩል ያለው ጫፍ ልክ ሆኖ ሊሰካ ይችላል። ውስጡ ያሉት ሽቦዎች ቅደም ተከተል ግን እንደ አምራቹ ይለያያል፤ አንዳንዴ በአንድ አምራች ሞዴሎች መካከልም። 5 ቮልት የሚጠብቅ ሃርድ ዲስክ 12 ቮልት ከደረሰው ወዲያው ይቃጠላል። የልጆቻችሁ ፎቶም አብሮት ይሄዳል።

አንድ የራሴን ላውራ። ከዓመታት በፊት አንድ ዘመዴ ከአሜሪካ አሮጌ ዴስክቶፕ አመጣልኝ። የሶኬት መቀየሪያ ገዝቼ በደስታ ሰካሁት። ጧ! አለ። የተቃጠለ ሽታ ክፍሉን ሞላው። ጀርባው ላይ ትንሽ ቀይ ማብሪያ የመሰለች ነገር ነበረች፤ 115 ላይ ነበር የተቀመጠችው። አሜሪካ የቤት መብራት 120 ቮልት ነው፤ የእኛ 220 ነው። የሶኬት መቀየሪያ የመሰኪያውን ቅርጽ ነው የሚቀይረው፣ ቮልቴጁን አይነካውም። ማብሪያዋን ወደ 230 መግፋት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። አዳዲሶቹ ብዙዎቹ ከ100 እስከ 240 ቮልት በራሳቸው ይቀበላሉ። ይህ ጎናቸው ላይ ተጽፏል። ከውጭ የመጣ ማንኛውንም ዴስክቶፕ ከመሰካታችሁ በፊት ጀርባውን እዩልኝ።

«ያገለገለ የቢሮ ዴስክቶፕ ገዝቼ ግራፊክስ ካርድ እጨምርበታለሁ»

ሐሳቡ ጥሩ ነው። እነዚህ ማሽኖች ጠንካሮች ናቸው፣ ዋጋቸውም ይቀመሳል። እኔም ለተማሪዎች እመክራቸዋለሁ። ግን እንደ ተራ ኬዝ ተፈታተው የሚገጣጠሙ አይደሉም።

ዴል ኦፕቲፕሌክስ 9020ን እንመልከት። የተለመደ ማዘርቦርድ ከፓወር ሰፕላይ የሚቀበለው በ24 ፒን ነው። ይህ ግን በ8 ፒን ነው የሚቀበለው። ስለዚህ ከሱቅ የተገዛ ፓወር ሰፕላይ ያለ አዳፕተር አይሆነውም። ቀጭኑ ሞዴል አብሮት የሚመጣው ፓወር ሰፕላይ 255 ዋት ነው፤ ለግራፊክስ ካርድ የሚሆን ተጨማሪ ኬብልም የለውም። ኬዙም ስለሚጠብ ቁመቱ አጭር የሆነ፣ ሎ ፕሮፋይል የሚባለው ካርድ ብቻ ነው የሚገባው።

ታዲያ ምን ይሁን? ማስገቢያው ራሱ ለካርዱ እስከ 75 ዋት ይሰጣል። በዚያ ብቻ የሚኖሩ ካርዶች አሉ፤ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ እና አንዳንድ የጂቲኤክስ 1650 ዓይነቶች በሎ ፕሮፋይል ተሠርተዋል፣ ተጨማሪ ኬብልም አይጠይቁም። ከዚያ በላይ ያማራችሁ እንደሆነ ማሽኑን ሳይሆን ዕቃ በዕቃ ግዙ። 9020 የሚይዘው 4ኛ ትውልድ ኢንቴል መሆኑንም አስቡ። ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበለው ከ8ኛው ትውልድ ጀምሮ ነው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 2018 ዓ.ም. ላይ አብቅቷል።

በአጭሩ የሚታለፉት

«ፕሮሰሰር ካለኝ ስክሪን ላይ ምስል ይመጣል።» ሁልጊዜ አይደለም። ከኢንቴል ቁጥር በኋላ «ኤፍ» ካለ፣ ለምሳሌ አይ5-12400ኤፍ፣ ውስጡ ግራፊክስ የለውም። ግራፊክስ ካርድ እስክትገዙ ድረስ ማሽኑን መጠቀም አትችሉም።

«ኤም.2 ኤስኤስዲ ሁሉ አንድ ነው።» ኤም.2 ማዘርቦርዱ ላይ በቀጥታ የሚሰካ ቀጭን ዓይነት ነው፤ ቅርጹ አንድ ሆኖ በቆየው መገናኛ በሳታ የሚሠራም፣ በፈጣኑ በኤንቪኤምኢ የሚሠራም አለ። አንዳንዱ ማስገቢያ አንዱን ብቻ ይቀበላል። የማዘርቦርዱን መመሪያ እዩ። እዚያው ላይ ኤም.2 ስትሰኩ ከሳታ መሰኪያዎቹ የትኛው እንደሚዘጋም ይጽፋል። ሃርድ ዲስኬ ጠፋ ብለው የሚደነግጡ ሰዎች ብዙ ጊዜ መልሱ እዚያ ነው።

«ፒሲአይኢ 4 ካርድ ፒሲአይኢ 3 ማዘርቦርድ ላይ አይሠራም።» ይሠራል። ፒሲአይኢ ግራፊክስ ካርድ የሚሰካበት ማስገቢያ ነው፤ ቁጥሩ ትውልዱን ይናገራል። ይህ ስጋት ብዙ ሰው ያለ ምክንያት ማዘርቦርድ እንዲቀይር አድርጎታል። ልብ የሚባለው እንደ አርኤክስ 6500 ኤክስቲ ያለው ግራፊክስ ካርድ ነው። በ4 መስመር ብቻ ስለሚገናኝ በአሮጌ ማዘርቦርድ ላይ ፍጥነቱ በግልጽ ይቀንሳል።

«አዲስ አበባ ብርድ ነው፣ ማቀዝቀዣ አያሳስብም።» ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር ከፍ ትላለች። አየሩ ስስ ነው፤ ስስ አየር ደግሞ ሙቀት የመሸከም አቅሙ ያንሳል። ማቀዝቀዣ ስትመርጡ ቁመቱ ኬዙ ውስጥ መግባቱን ለኩ። መያዣውንም አረጋግጡ፤ እንደ ኤልጂኤ 1151 ያሉት የቀድሞዎቹ የኢንቴል ሶኬቶች የቀዳዳ ርቀት 75 ሚሊሜትር ነበር፣ ኤልጂኤ 1700 ላይ 78 ሆኗል። ሦስት ሚሊሜትር ዕቃ ታስመልሳለች።

«ስሙን ነግሬዋለሁ፣ ያመጣልኛል»

ውጭ ያለ ዘመድ ዕቃ ሲገዛልን የምንልክለት መልእክት ብዙ ጊዜ «ራይዘን 5 አምጣልኝ» የሚል ነው። ዘመዳችን ከሥራ ሲወጣ ተሯሩጦ፣ ሱቁ የሰጠውን ይዞ ይመጣል። ጥፋቱ የእሱ አይደለም። ራይዘን 5 እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በየትውልዱ አለ፤ አንዱ ኤኤም 4 ነው፣ ሌላው ኤኤም 5። 5600 እና 5600ጂ እንኳ አንድ አይደሉም፤ ሁለተኛው ውስጡ ግራፊክስ አለው፣ የመጀመሪያው የለውም።

ስለዚህ ሙሉውን ስም እስከ መጨረሻዋ ፊደል ጻፉለት። የማዘርቦርዳችሁን ስም፣ የራማችሁን ዓይነት፣ የኬዛችሁን የውስጥ ርዝመት በሚሊሜትር አብራችሁ ላኩ። ሱቅ ገብቶ የዕቃውን ካርቶን ፎቶ አንሥቶ ይላክላችሁ። እናንተ ቁጥሩን ከአምራቹ ዝርዝር ጋር አመሳክሩ። «ክፈል» የምትሉት ከዚያ በኋላ ነው።