እንስሳት በምን እና ለምን፦ የመዋለድ፣ ልጅ የማሳደግና የመማር ባህርይ የቅርብና የሩቅ ምክንያቶች

ግሬይላግ የምትባለው የዱር ዝይ ጎጆዋን የምትሠራው መሬት ላይ ነው። ከታቀፈቻቸው እንቁላሎች አንዱ ተንከባሎ ከወጣ አንገቷን አስግጋ ታየዋለች፤ ቀስ ብላ ትነሣና መንቁሯን ከእንቁላሉ ማዶ አሳልፋ ወደ ራሷ ትስበዋለች። እንቁላሉ ወዲህና ወዲያ ሲያጋድል ራሷን ግራና ቀኝ እያወዛወዘች ታቃናዋለች። ላየ ሰው የአስተዋይ እናት ሥራ ነው። የእንስሳት ባህርይ ተመራማሪዎቹ ኮንራድ ሎሬንዝና ኒኮ ቲንበርገን በ1938 ባሳተሙት ጥናት ግን እንቁላሉን መሐል መንገድ ላይ ቢወስዱባትም ዝይዋ እንደማታቆም አሳዩ። ግራና ቀኝ ማለቱን ትተወዋለች፤ መሳቡን ግን እስከ ጎጆዋ ድረስ በባዶው ትጨርሰዋለች። (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዝይዋ እንቁላሉን የምትመልሰው ለምንድን ነው? አንዱ መልስ እንዲህ ይላል፦ ከጎጆዋ አጠገብ እንቁላል የሚመስል ነገር ስታይ፣ አንዴ ከተነሣ በመንገድ የማይቆም የእንቅስቃሴ ሰንሰለት ይቀሰቀሳል። ሌላው መልስ ደግሞ እንዲህ ነው፦ ጥንት እንቁላላቸውን የመለሱ ዝይዎች ካልመለሱት የበለጠ ጫጩት አተረፉ፤ የዛሬዎቹም የእነዚያ የመላሾቹ ዘሮች ናቸው። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ አንዱ ሌላውን አይሽርም። በእንስሳት ባህርይ ላይ የሚነሣው ክርክር ግማሹ፣ ሁለቱን መልሶች እንደ ተፎካካሪ ከማየት የሚመጣ ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም።

«በምን» እና «ለምን»

አማርኛ ለዚህ ልዩነት የሚሆኑ ቃላት በእጁ አሉት። «በምን?» ብለን ስንጠይቅ ስለ መሣሪያው ነው የምንጠይቀው፦ በየትኛው ሆርሞን፣ በየትኛው የነርቭ መስመር፣ በየትኛው ቀለም ወይም ድምፅ። ይህ የቅርብ ምክንያት ነው። «ለምን?» ስንል ግን ባህርዩ ላለፉት ትውልዶች ስላስገኘው ትርፍ እየጠየቅን ነው፤ ይህ የሩቅ፣ ማለትም የዝግመተ ለውጥ ምክንያት ነው። እርግጥ «ለምን» የሚለው ቃል ትንሽ ያሳስታል፤ ዓላማ ያለ ያስመስላል። ተፈጥሯዊ ምርጫ የሚያቅደው ነገር የለም። ያለው የሂሳብ ውጤት ነው፤ ብዙ ዘር ያስገኘ ባህርይ፣ የሚወረስ እስከሆነ ድረስ፣ በቀጣዩ ትውልድ ይበዛል። ስለዚህ «ከየት የመጣ ነው?» ብሎ መጠየቅ ሳይሻል አይቀርም።

የቅርብና የሩቅ ምክንያትን ለይቶ ያስታወቀው የሥነ ሕይወት ሊቁ ኧርነስት ማየር በ1961 ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ቲንበርገን ነገሩን ወደ አራት ጥያቄዎች ዘረዘረው። ባህርዩን አሁን የሚቀሰቅሰው ምንድን ነው? በእንስሳው ዕድሜ ውስጥ እንዴት ያድጋል? ለመኖርና ለመራባት ምን ይጠቅማል? ከቀደምት ዝርያዎች በምን መንገድ መጣ? የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የቅርብ፣ የኋለኞቹ ሁለቱ የሩቅ ናቸው። ቲንበርገን፣ ሎሬንዝና የንብ ጭፈራን የፈታው ካርል ፎን ፍሪሽ በ1973 የኖቤልን ሽልማት ተጋርተዋል።

ጥንድ መሆን

ከአጥቢ እንስሳት ወንድና ሴት ተጣምረው የሚኖሩባቸው ዝርያዎች ከአሥር በመቶ አይበልጡም። ከእነዚህ አንዷ በሰሜን አሜሪካ የሣር ሜዳዎች የምትኖረው፣ አይጥ የምትመስለው የፕሬሪ ቮል ናት። ወንዱና ሴቷ አንዴ ከተገናኙ በኋላ ተጠጋግተው ይተኛሉ፣ ጎጆ ይጋራሉ፣ ግልገሎቻቸውን አብረው ያሳድጋሉ፤ ወንዱ ሌላ ቮል ሲጠጋ ይደባደባል። የቅርብ ዘመዶቿ የሆኑት የተራራ ቮልና የመስክ ቮል ግን ተገናኝተው ይለያያሉ።

ተመራማሪዎች ልዩነቱን ሲፈልጉ መጀመሪያ ያዩት ሆርሞኖቹን ነው። ኦክሲቶሲንና ቫሶፕረሲን በሁሉም ውስጥ አሉ። የሚለየው የሆርሞኖቹ ተቀባዮች፣ ማለትም ሆርሞኑ የሚያርፍባቸው የሕዋስ ክፍሎች፣ አንጎል ውስጥ የተቀመጡበት ቦታ ነው፤ በፕሬሪ ቮል ተቀባዮቹ ደስታንና ሽልማትን በሚያስተናግዱት የአንጎል ክፍሎች ተከማችተው ይገኛሉ። በ2004 የወጣ ጥናት የቫሶፕረሲን ተቀባይን ዘረመል በቫይረስ ተሸካሚነት ወደ ወንድ የመስክ ቮሎች አንጎል አስገብቶ፣ ብቸኛ የነበሩት ወንዶች አብራቸው የቆየችውን ሴት ከማያውቋት አስበልጠው እንዲመርጡ አደረገ። ወሬው «የፍቅር ዘረመል ተገኘ» ተብሎ ተናፈሰ። በ2023 ግን የኦክሲቶሲን ተቀባይ ዘረመላቸው ከፅንስ ጀምሮ የተሰረዘ የፕሬሪ ቮሎች እንደ ወትሮው ጥንድ ሲሆኑ ታየ። የቅርብ ምክንያት አንዲት ማብሪያ ማጥፊያ ናት ብሎ መጠበቅ እንደማያዋጣ ከዚህ የተሻለ ማሳያ ለማግኘት ይከብዳል።

«ለምን» ብለን ስንጠይቅ ደግሞ መልሱ ሌላ ቦታ ይወስደናል። ሴቶቹ ተራርቀው በሚኖሩበት ሜዳ ብዙ ሴቶችን እየዞረ የሚፈልግ ወንድ ሌሎች ይቀድሙታል፤ አንዷን ይዞ የሚጠብቅ ብዙ ጊዜ ይሻለዋል። ደግሞም ጥንድ መሆን ከመታመን ጋር አንድ አይደለም። የዘረመል ምርመራ እንደሚያሳየው፣ ከተጣመረች ሴት ግልገሎች አንዳንዶቹ የሌላ ወንድ ልጆች ሆነው ይገኛሉ።

ስለ ተጓዳኝ ምርጫ ሲነሣ ዳርዊን በ1871 ያቀረበው ሐሳብ ይነሣል፤ የወንዶች ጌጥ የመጣው ሴቶች ስለሚመርጡት ነው የሚል። ብዙዎች ለረጅም ጊዜ አልተቀበሉትም። ማልተ አንደርሶን ኬንያ ውስጥ ጭራው ግማሽ ሜትር ገደማ የሚደርስ ዊዶውበርድ የተባለ ጥቁር ወፍ ላይ ሞከረው። የአንዳንዶቹን ጭራ ቆርጦ አሳጠረ፤ የተቆረጠውን በሌሎቹ ላይ በማጣበቂያ ቀጠለ፤ የጥቂቶቹንም ቆርጦ መልሶ እዚያው አጣበቀ፣ ለውጡ ከመቀሱ እንዳልመጣ ለማረጋገጥ። ጭራቸው የተረዘመላቸው ወንዶች በክልላቸው ብዙ አዳዲስ የሴቶች ጎጆ ተሠራላቸው። ውጤቱ በ1982 ታተመ። ሴቶቹ ረጅም ጭራ መምረጣቸው ተረጋገጠ፤ ምርጫው ራሱ ከየት እንደመጣ ግን ሌላ ጥያቄ ነው፤ የወንዱን ጤንነት ስለሚመሰክር ነው የሚሉ አሉ፣ ልጆቻቸውም ተመራጭ ስለሚሆኑ ነው የሚሉም አሉ።

የቅርብ ምክንያት ምን ያህል ጭፍን እንደሆነ ለማየት ግን አውስትራሊያ ያለችውን ቡናማ ጥንዚዛ የሚያህል የለም። ወንዱ የሚፈልገው ትልቅ፣ ቡናማ፣ የሚያብረቀርቅና ነቁጥ ነቁጥ ያለበት ነገር ነው፤ ሴቷ እንዲያ ናት። በመንገድ ዳር የተጣለ የቢራ ጠርሙስም እንዲያ ነው፤ ታችኛው ጠርዙ ላይ ያሉት እብጠቶች ሳይቀሩ። በ1983 በወጣ ዘገባ ወንዶቹ ጠርሙሱ ላይ ወጥተው አልወርድም ሲሉ፣ አንዱም ጉንዳን እየነከሰው እንኳ ሲታገል ተገልጿል። ጠርሙስ ባልነበረበት ዘመን ግን ደንቡ እንከን አልነበረበትም።

ልጅ ማሳደግ

ወልዳ የማታውቅ የቤተ ሙከራ አይጥ ሕፃናት አይጦች ቢቀርቡላት ትሸሻለች። በየቀኑ ከእነርሱ ጋር ብትውል ግን በሳምንት ገደማ እያነሣች ወደ ጎጆ መውሰድ፣ መላስና ማቀፍ ትጀምራለች። የወለደችው ሳምንት አያስፈልጋትም። በእርግዝናው መጨረሻ ፕሮጄስቴሮን ይወርዳል፣ ኢስትሮጅንና ፕሮላክቲን ይጨምራሉ፣ በምጡም ኦክሲቶሲን ይለቀቃል፤ ስለዚህ ሕፃናቱ ሲወጡ እናትየው ተዘጋጅታ ትጠብቃቸዋለች። እንክብካቤውን የሚያካሂደው የአንጎል መስመር በሁለቱም ውስጥ አለ፤ ሆርሞኖቹ እንክብካቤው የሚቀሰቀስበትን ደፍ ዝቅ ያደርጉታል እንጂ ባህርዩን ከምንም አይፈጥሩትም።

በካናዳዋ ሞንትሪያል ይሠሩ የነበሩት ማይክል ሚኒና ባልደረቦቹ ደግሞ እናቶች ሁሉ እኩል እንደማይልሱ አስተዋሉ። ብዙ የተላሱት ሲያድጉ ድንጋጤን የሚችሉ፣ ሴቶቹም በተራቸው ብዙ የሚልሱ ሆኑ። ነገሩ የዘር ውርስ ነው እንዳይባል ሕፃናቱ በእናቶች መካከል ተቀያየሩ፤ ልጆቹ የመሰሉት ያሳደገቻቸውን ነው። ባህርይ ያለ ዘረመል ለውጥ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሊተላለፍ መቻሉን አስታውሶ መሄድ ይገባል።

የሩቁን ምክንያት በተመለከተ ሮበርት ትሪቨርስ በ1972 ያቀረበው ሐሳብ እስካሁን መነሻ ነው፦ ለልጅ ብዙ የሚያወጣው ጾታ መራጭ ይሆናል፤ ጥቂት የሚያወጣው ለመመረጥ ይፎካከራል። ፈተናው ሚናው የተገለበጠባቸው ዝርያዎች ላይ ነው። ጃካና በምትባለው የረግረግ ወፍ እንቁላሉን የሚታቀፈውና ጫጩቱን የሚያሳድገው ወንዱ ነው፤ ሴቷ ከወንዱ ትበልጣለች፣ ክልል ትይዛለች፣ በወንዶች ምክንያት ከሌሎች ሴቶች ጋር ትጣላለች። ሐሳቡ ቢሳሳት ኖሮ እዚህ ላይ ይጋለጥ ነበር።

«እንስሳ ለዝርያው ሲል» የሚለው አባባል የሚፈርሰው ደግሞ አንበሶች ላይ ነው። መንጋውን አዲስ ወንዶች ሲቆጣጠሩት ትናንሽ ደቦሎችን ብዙ ጊዜ ይገድላሉ። የሚያጠቡ ሴቶች ደቦሎቻቸው እስኪያድጉ ለመዋለድ አይመለሱም፤ ካጧቸው ግን ቶሎ ይመለሳሉ። ወንዶቹ መንጋውን ይዘው የሚቆዩት ጥቂት ዓመት ብቻ በመሆኑ የሚጠብቁት ጊዜ የላቸውም። ለአንበሳ ዝርያ ጥፋት ነው፤ ለገዳዩ ዘር ግን ትርፍ ነው፤ ተፈጥሯዊ ምርጫ የሚያየው ደግሞ ሁለተኛውን ነው።

ኩኩ የምትባለው ወፍ በወላጅነት የቅርብ ምክንያት ላይ ትነግዳለች። እንቁላሏን በሸምበቆ ውስጥ በምትኖር ትንሽ ወፍ ጎጆ ትጥላለች። የተፈለፈለው ጫጩት የቤቱን ልጆች ገፍቶ ይጥልና ብቻውን ይቀራል። አሳዳጊዎቹ ስንት ምግብ እንደሚያመጡ የሚወስኑት የተከፈተውን አፍ ስፋትና የጩኸቱን ፍጥነት አይተው ነው። የኩኩ አፍ አንድ ነው፤ የአራት ጫጩት አፍ የሚያህል ቀለም ሊያሳይ አይችልም። ጉድለቱን በጩኸቱ ይሞላዋል፦ ብቻውን የጎጆ ሙሉ ጫጩቶች ያህል ይጮኻል። ተመራማሪዎች በኩኩው ቦታ የሌላ ዝርያ ጫጩት አስቀምጠው ከአጠገቡ በድምፅ ማጉያ የኩኩ ጩኸት ሲያሰሙ አሳዳጊዎቹ ለኩኩ የሚያመጡትን ያህል ምግብ አመጡ።

መማር

መማር ከደመ ነፍስ ተቃራኒ ተደርጎ ይነገራል። እንስሳው ምን በቶሎ እንደሚማር ሲታይ ግን መማሩ ራሱ የተመረጠ ነው። ጆን ጋርሲያና ሮበርት ኬሊንግ በ1966 አይጦች ጣፋጭ ውኃ ሲጠጡ መብራት እንዲበራና ድምፅ እንዲሰማ አደረጉ። ከዚያ በኋላ በጨረር ወይም በመርዝ የታመሙት ጣዕሙን ብቻ ሸሹ፤ እግራቸውን ኤሌክትሪክ የነዘራቸው መብራቱንና ድምፁን ብቻ ሸሹ። ሕመሙ ከሰዓታት በኋላ ቢመጣ እንኳ ጣዕሙ አይረሳም። በጊዜው ይህን የሚቀበል ጥቂት ነበር፤ ቅጣት ወዲያው ካልተከተለ ትምህርት የለም ይባል ነበርና። ሆኖም መርዝ የሚሠራው ሆድ ከገባ ከቆየ በኋላ መሆኑን ለሚያስብ ነገሩ ግልጽ ነው።

ጊዜውም የተወሰነ ሊሆን ይችላል። የሎሬንዝ የዝይ ጫጩቶች ከእንቁላል በወጡ በሰዓታት ውስጥ መጀመሪያ ያዩትን የሚንቀሳቀስ ነገር፣ እርሱን ራሱን ጨምሮ፣ እናት አድርገው ይከተሉ ነበር። ፒተር ማርለር ያጠናው ነጭ ዘውድ ያለው ድንቢጥ ደግሞ መዝሙሩን የሚሰማው ከአሥረኛው እስከ ሃምሳኛው ቀን ባለው ጊዜ ሲሆን የሚዘምረው ከወራት በኋላ ነው። የሌላ ዝርያ መዝሙር ከራሱ ጋር ቢቀርብለት የራሱን ይመርጣል። ሰምቶ ሳይለማመድ ከደነቆረ አይሳካለትም፤ ድምፁን በጆሮው እያረመ ነውና የሚማረው።

ከሁሉም በላይ ሁለቱ ምክንያቶች ጎን ለጎን የሚታዩት በደቡባዊ አፍሪካ የካላሃሪ በረሃ በሚኖረው ሚርካት የተባለ ትንሽ አጥቢ እንስሳ ላይ ነው። ሚርካት ጊንጥ ይበላል፤ ግልገሎቹ ግን አያያዙን አያውቁም። ትላልቆቹ ለታናናሾቹ የሞተ ጊንጥ ያመጣሉ፤ ትንሽ ሲያድጉ መርዝ መውጊያው ተነክሶ የወጣለትን፣ በኋላም ያልተነካውን ሕያው ጊንጥ። ግልገሉ ሲያመልጠው መልሰው ያቀርቡለታል። ትምህርት ቤት ነው ማለት ይቻላል። ሆኖም አሌክስ ቶርንተንና ካትሪን ማካውሊፍ በ2006 እንዳሳዩት መምህሩ የተማሪውን ችሎታ እየመዘነ አይደለም። ትናንሽ ግልገሎች ባሉበት ቡድን የትላልቅ ግልገሎች ጩኸት በድምፅ ማጉያ ሲሰማ አዋቂዎቹ ሕያው ጊንጥ ማምጣት ጀመሩ። በምን? በጩኸቱ ድምፅ። ለምን? የተማሩ ግልገሎች ጊንጥ ሳይወጋቸው መብላትን ቶሎ ስለሚችሉና ዘመዶቻቸው የሆኑት አሳዳጊዎች ዘር ስለሚተርፍ።

ምልክቱና ወቅቱ ሲለያዩ

የቅርብ ምክንያት የሚያገለግለው ምልክቱ ከውጤቱ ጋር እስከተሳሰረ ድረስ ነው። በአውሮፓ ጫካዎች ግሬት ቲት የምትባለው ወፍ እንቁላል የምትጥለው የቀኑ ርዝመትና የፀደዩ መጀመሪያ ሙቀት ሲጠራት ነው። ጫጩቶቿ አፋቸውን የሚከፍቱት ግን አንድ ወር ገደማ ዘግይተው ነው፤ የሚያስፈልጋቸውም ኦክ በሚባሉ ትላልቅ ዛፎች ላይ ለጥቂት ሳምንታት ብቻ የሚበዛው አባጨጓሬ ነው። ኔዘርላንድስ ውስጥ በሆኸ ቬሉዌ ጫካ ተመራማሪዎች ወፎቹን ከ1955 ጀምሮ ሲከታተሏቸው ቆይተዋል። ፀደዩ እየሞቀ ሲመጣ አባጨጓሬዎቹ ቀድመው መውጣት ጀመሩ፤ ወፎቹ የሚጥሉበት ቀን ግን በዚያው ልክ አልቀደመም። ጫጩቶቹ ብዙ በሚበሉበት ሳምንት አባጨጓሬው አብዛኛው ወደ አፈር ወርዶ ሙሽሬ ሆኗል።