የወረርሽኝ ሲሙሌሽን ምንድን ነው?

የአንድን ከተማ ነዋሪ በሙሉ በኮምፒውተር ውስጥ አንድ በአንድ ፈጥሮ፣ በሽታ ለቆበት፣ ከማን ወደ ማን እንደሚተላለፍ ቀን በቀን መከታተል ነው። ከርማክና ማክኬንድሪክ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1927 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት ቀለል ያለ ስሌት ሕዝቡን ተጋላጭ፣ ታማሚና ያገገመ ብሎ ይከፍላል፤ ሁሉም ሰው ከሁሉም ጋር እኩል ይገናኛል ብሎም ይነሳል። ለአዲስ አበባ ዳር ይህ አይበቃም። የኮዬ ፈጬና የቱሉ ዲምቱ ነዋሪ እዚያ አድሮ መርካቶ ወይም ሜክሲኮ ይውላል፤ በሽታውም አብሮት በታክሲ ይመላለሳል።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሰው ሠራሽ ነዋሪ ዕድሜ፣ ቤት፣ የሥራ ቦታ ወይም ትምህርት ቤት፣ መጓጓዣም ይመደብለታል። ነዋሪው የፈጠራ ነው፤ ድምሩ ግን ከእውነተኛው ሕዝብ ጋር መግጠም አለበት። ብዙ ሥራ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። የመጨረሻው የሕዝብና ቤቶች ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ የዳር ዳሩ ኮንዶሚኒየሞች አብዛኞቹ የተሠሩት ከዚያ በኋላ ነው። ቆጠራውን እንዳለ የወሰደ ሞዴል ኮዬ ፈጬን የእርሻ ማሳ አድርጎ ያየዋል። የሳተላይት ምስል ሕንፃውን ያሳያል፤ በአንድ ባለሁለት መኝታ ቤት ስንት ሰው ተዳብሎ እንደሚኖር ግን አያሳይም። የሞባይል መረጃም የሚቆጥረው ሲም ካርድ ነው። ሕፃናት ስልክ የላቸውም፤ ኩፍኝ በብዛት የሚይዘው ግን እነሱን ነው። በራችንን አንኳኩቶ የሚጠይቅ የናሙና ጥናትን የሚተካ ነገር የለም።

ቀጥሎ የመተላለፍ ዕድል ይሰላል። ለምሳሌ ከታማሚ ጋር አንድ ሰዓት መቆየት 5 በመቶ ዕድል ካለው፣ አራት ሰዓት 20 በመቶ አይሆንም፤ በየሰዓቱ የማምለጥ ዕድሉ 0.95 ስለሆነ አራቴ ተባዝቶ 0.81 ይደርሳል፣ የመያዝ ዕድሉም 18.5 በመቶ ገደማ ይሆናል። ከዚያ ኮምፒውተሩ ለእያንዳንዱ ንክኪ ዕጣ ያወጣል። ነዋሪው ሚሊዮኖች ሲሆን ሥራው በየአካባቢው ለብዙ ፕሮሰሰሮች (የኮምፒውተር ማስሊያ ክፍሎች) ይከፋፈላል።

ዕጣ ስላለበት ሲሙሌሽኑን አንድ ዙር ብቻ ማስኬድ ዋጋ የለውም። ተጋላጮች በሞሉበት ቦታ አንድ የኩፍኝ ታማሚ በአማካይ ከ12 እስከ 18 ሰው ያስይዛል ይባላል፤ እንደ ጉንፋን ያለ ከኩፍኝ ያነሰ የሚተላለፍ በሽታ ግን በአንዳንዱ ዙር ሳይዛመት ይከስማል። ከባዱ ስህተት ዙሮቹን ደምሮ አማካዩን መሳል ነው። የታማሚው ቁጥር ጫፍ አንዱ ዙር ላይ በሦስተኛው ሳምንት፣ ሌላው ላይ በሰባተኛው ስለሚመጣ፣ አማካዩ በየትኛውም ዙር ያልታየ ዝቅተኛና ሰፊ ጉብታ ይሆናል። በእሱ አልጋ ያዘጋጀ ሆስፒታል ታማሚ በኮሪደር ያስተኛል። ለሆስፒታሉ ሊነገረው የሚገባ ከ1000 ዙር በስንቱ አልጋው እንደሚሞላና ለስንት ቀን እንደሚቆይ ነው።